ንፍፊት የወጣብኝ ክረምት

ባለፈው ሳምንት ጉሮሮዬን አሞኝ ከሰፈሬ አቅራቢያ ወዳለ ክሊኒክ ሄጄ ነበር። ያየችኝ ሐኪም ከመጀመሪያ ልጄ ብዙም የማትበልጥ ወጣት ናት። ከፊቴ ቆማ ሁለት ጣቶቿን ከአገጬ ሥር አሳርፋ፣ ከጆሮዬ ግርጌ እስከ ትከሻዬ አጥንት ቀስ እያለች ዳበሰችኝ። "እዚህ ጋ ትንሽ እጢ አብጧል፤ ሊምፍ ኖድ ነው። ከጉሮሮዎ ኢንፌክሽን ጋር የመጣ ነው፤ አብሮት ይጠፋል" አለችኝ፣ ዓይን ዓይኔን እያየች። ከዚያ መድኃኒቱን ጽፋ ሰጠችኝና ቀጣዩን ታካሚ ጠራች። በቃ፣ ይኸው ነው። ከማን ጋር እንደመጣሁ አልጠየቀችኝም፤ ማንንም ወደ ጎን ጠርታ አላንሾካሾከችም።

ታክሲ እስክይዝ ድረስ እጄ ከአንገቴ አልወርድ አለኝ። እኔ እንግዲህ ዕድሜዬን በላቦራቶሪ የፈጀሁ ሰው ነኝ። ከሰው አንገት የተቀዳ ፈሳሽ መስታወት ላይ ተቀብቶ ሲመጣልኝ ስንቴ እንዳየሁት እግዜር ይወቀው። ሙያዬ ግን ከሌላው ሰው አንገት አያልፍም መሰለኝ። የራሴን ሲነኩት ወዲያው ሃያ ዓመት ይሆነኛል፤ ካዛንቺስ፣ ከአጎቴ ላውንደሪ ጀርባ ወዳለችው ክፍል እመለሳለሁ።

ዘጠናዎቹ ገና መጀመራቸው ነበር። እኔ ከወልቂጤ ወዲያ ካለ የገጠር ቀበሌ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ፣ ለትምህርት ከአጎቴ ቤት የመጣሁ ልጅ ነኝ። አጎቴ ጋሽ ደምሴ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ እኔ "ጋሼ" ነበር የምላቸው። የሆቴል እንግዶችን ሸሚዝ፣ የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎችን ሙሉ ልብስ፣ አንዳንዴም የሙሽራ ቬሎ የሚያጥቡበትና የሚተኩሱበት ትንሽ ላውንደሪ ነበራቸው። የእኔ ክፍል ግድግዳ ከመተኮሻው ክፍል ጋር አንድ ስለነበር ክረምቱን ሙሉ ይሞቀኝ ነበር። የእርጥብ ሱፍና የስታርች ሽታ ግን ደብተሬ ውስጥ ሳይቀር ገብቶ ነበር። እትዬ ዘነቡ፣ የአጎቴ ባለቤት፣ ከማለዳ ጀምሮ ካውያውን ይዘው ይቆማሉ። ልጅ ስላልነበራቸው እኔን እንደ ልጃቸው ያዙኝ፤ እንደ ልጃቸውም ይቆጡኝ ነበር።

የምማረው ወደ ኡራኤል በሚወስደው መንገድ ላይ በነበረ አንድ የግል ኮሌጅ፣ ላቦራቶሪ ቴክኒሽያንነት ነው። በዚያው ዓመት ስለ ሊምፍ የተማርነው ምዕራፍ በጣም ደስ ብሎኝ ነበር። ሊምፍ ማለት ከደም ሥር እየወጣ በሥጋ መሃል የሚዞር ጥርት ያለ ፈሳሽ ነው፤ በራሱ ቀጫጭን ቱቦዎች ይሰበሰባል፤ በየመንገዱ ባሉ እጢዎች ይጣራል፤ ከዚያ ተመልሶ ከደም ይቀላቀላል። የእጢዎቹን ስም ከቤት እስከ ትምህርት ቤት እየሄድኩ በቃሌ እለው ነበር፤ የአንገቱ ሰርቫይካል፣ የብብቱ አክሲላሪ፣ የብሽሽቱ ኢንጉይናል። የታክሲ ረዳቶች "ቦሌ፣ ቦሌ" ይላሉ፤ እኔ "ሰርቫይካል" እላለሁ። ሰው ያየኛል ብዬ አላፍርም ነበር።

ሰኔ ውስጥ አንድ ቀን ሻሽ ሳስር ከግራ ጆሮዬ በታች አንድ ነገር ጣቴን አደናቀፈው። የሽምብራ ፍሬ ታክላለች። አታምም፤ ስትገፋ ትንሸራተታለች። ለእትዬ ዘነቡ አሳየኋቸው፤ ካውያውን አቆሙና ዳብሰው "ንፍፊት ነው" አሉ።

ስለ ንፍፊት የእኛ ሰው ከማንም ሳይማር የሚያውቀው ነገር አለ። ብሽሽት ላይ ሲወጣ ማንም ብሽሽቱን አያይም፤ እግር ነው የሚታየው፤ እንቅፋት የመታው፣ እሾህ የወጋው ቦታ ይፈለጋል። ስለዚህ እትዬ ዘነቡ የአንገቴን ቁስል ከራሴ ላይ ፍለጋ ጀመሩ። ሹሩባዬን ፈትተው ጸጉሬን በማበጠሪያ እየከፈሉ አዩት። ጆሮዬን አዩ። አፌን ከፍተው ጥርሶቼን አንድ በአንድ መታ መታ አደረጓቸው። ምንም የለም። "ቁስል የሌለው ንፍፊት አይቼ አላውቅም" አሉና ቅር እያላቸው በቅቤ አሹልኝ። ቅቤው እናቴ በሰው እጅ የምትልከው ነበር፤ ኮሰረቱን ታበዛበታለች፤ ሽታው ከሩቅ ያስታውቃል።

ሽምብራዋ ባቄላ አከለች። ከሥሯ ደግሞ ሌላ ወጣች። ጎረቤት ሰማና ሁሉም መድኃኒተኛ ሆነ፤ አንዷ ይተኮስ አለች፣ አንዱ የሆነ ቅጠል የሚያውቅ ሰው ሱሉልታ እንዳለ ነገረን፣ ጸበል ያለም ነበር። ጋሼ ግን ዝም ብለው ወደ ክሊኒክ ወሰዱኝ። የመጀመሪያው መድኃኒት ምንም ሳያደርግ ሲያልቅ ሐኪሙ በመርፌ ናሙና ይወሰድ አለ። በቀጭን መርፌ ከእጢው ላይ ጥቂት ፈሳሽ ሲቀዳ ብዙም አላመመኝም። ያመመኝ ፈሳሹን መስታወቱ ላይ ሲቀቡት ማየቴ ነው። ከሳምንት በፊት እንዲህ ያለ መስታወት በእጄ ይዤ፣ ከፊት ረድፍ ተቀምጬ፣ ስለ ሊምፎማ የአስተማሪውን ጥያቄ የመለስኩት እኔ ነበርኩ። ሊምፎማ የእጢ ካንሰር ነው። ሳያምም ያብጣል ይላል ደብተሬ፤ የእኔም አያምም። ያልበዛ እውቀት ምን ያህል ሰው እንደሚያስጨንቅ የዚያን ቀን ነው ያወቅኩት።

ውጤቱ በመጣ ቀን ሐምሌ ገብቶ ነበር፤ ዝናቡ ከጠዋት አላባራም። ነርሷ መጥታ "የቤተሰብ ኃላፊ ይግባ" አለች። እኔ ተነሳሁ። "አንቺ እዚሁ ቆዪ፣ የኔ ቆንጆ" አለችኝና ጋሼን ብቻ አስገባች። ያን ጊዜ ሥርዓቱ ይኸው ነበር፤ ክፉ ወሬ ለታማሚ አይነገርም፤ ለቤተሰብ ይነገራል፤ ቤተሰብ ደግሞ ይደብቃል። ይህን እያወቅኩ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ በሩን አየሁት።

ጋሼ ሲወጡ ዓይናቸው ደም መስሏል። አጠገቤ ተቀምጠው ኮፍያቸውን በእጃቸው አዙረው አዙረው፣ "ቲቢ ነው። የሳንባ አይደለም፤ የእጢ ነው። መድኃኒቱን ከዋጥሽ ይጠፋል፤ ሐኪሙ ምንም አትስጉ ብሎኛል" አሉኝ። ይህን ብለው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ።

ለሚድን በሽታ እንዲህ አይለቀስም። ሰውዬው አብደውስ እንደሆነ? አላበዱም። ገባኝ፤ ወይም የገባኝ መሰለኝ። ሐኪሞች እርግጠኛ ሳይሆኑ ለሙከራ የሚያስጀምሩት መድኃኒት እንዳለ ተምሬአለሁ። ሊምፎማ ሆኖ፣ ተስፋ ስለሌለው፣ ለማጽናኛ ቲቢ ብለውኛል። ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ ቤት የሚሆነውን ነገር ሁሉ በዚህች መነጽር ብቻ ማየት ጀመርኩ።

ጋሼ በማግስቱ "የመሬት ጉዳይ አለብኝ" ብለው ወደ አገር ቤት ሄዱ። "እማዬን ይዘዋት ይምጡ" አልኳቸው። አንገታቸውን ነቀነቁ። ሲመለሱ ግን ብቻቸውን ነበሩ። ጫማቸው እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ጭቃ ነው፤ ጢማቸውን አልተላጩም። እናቴ የታለች ስላቸው፣ ዝናቡ መንገዱን ቆርጦታል፣ ጋብ ሲል ትመጣለች አሉኝ። እርስዎስ በየት መጡ ብዬ ሞገትኳቸው። እሳቸው ወንድ ስለሆኑ ከመኪናው ወርደው በእግራቸው መሻገራቸውን ነገሩኝ። ቅቤም አልላከችልኝም። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ቤታችን የሚበላው ቅቤ ከገበያ የተገዛ ሆነ፤ የቀመስኩት ቀን ነው ያወቅኩት።

ቂም ያዝኩባት። ልጇ አንገቷ አብጦ፣ ከመርፌ ላይ መርፌ እየተወጋች፣ እሷ ዝናብ ፈርታ ቤቷ ተቀመጠች። ደግሞ እናቴ ዝናብ የምትፈራ ሰው አልነበረችም። እንሰት ስትፍቅ በዶፍ ዝናብ የምትውል ሴት ናት። እንግዲህ ሞቴን ተነግሯት ማየት ከብዷት ይሆናል ብዬ ላዝንላት እሞክራለሁ፤ ወዲያው ደግሞ ያበሳጨኛል። ማታ ማታ በሐሳቤ እየተጣላኋት እተኛለሁ።

መቀመጥ አቃተኝ። በየጠዋቱ በባዶ ሆዴ ጤና ጣቢያ ሄጄ ክኒኖቹን ሲስተሯ እያየችኝ እውጣለሁ። ሽንቴ የብርቱካን ጭማቂ መልክ ያዘ፤ መድኃኒቱ እንደሚያቀላው ስለማውቅ አልደነገጥኩም። ከዚያ ግን ወደ ቤት በቀጥታ መመለስ አልችልም። ከካዛንቺስ እስከ ኡራኤል፣ ከኡራኤል በባምቢስ ቁልቁል፣ አንዳንዴም እስከ ደምበል እሄዳለሁ። ሕንፃው ገና እየተሠራ ነበር፤ ዙሪያውን የባሕር ዛፍ መወጣጫ ተደርድሮበት፣ ሠራተኞቹ በዝናብ ላስቲክ ለብሰው ሲወጡና ሲወርዱ ቆሜ አያለሁ። ሲያልቅ አላየውም እላለሁ። ጥግ ይዤ የአንገቴን እጢ እነካለሁ፤ ሁለት እርምጃ ሄጄ ደግሞ እነካለሁ። ቆዳው ከመነካካት ብዛት ቀላ። ያላበጠ ነገር ቢኖር እንኳ በጣቴ ባሳበጥኩት ነበር።

ለክፍል ጓደኛዬ ለሰላም አዲሱን ሹራቤንና ሃንዳውቶቼን ሁሉ ሰጠኋት። ሰላም የካዛንቺስ ልጅ ናት፤ ቀልደኛ ናት፤ ነገር አታካብድም። ሹራቡን ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ አየችና ቀና አለች።

"ሙሌ፣ ነካ አድርጎሻል እንዴ? ቲቢ ነው አሉሽ፣ በቃ ቲቢ ነው። ማለቴ፣ ሰው ሹራቡን ሰጥቶ በሐምሌ ብርድ እንዴት ይወጣል?"

ለሷም ቢሆን ነግረዋታል፤ አብራ እየደበቀችኝ ነው ብዬ ደመደምኩ። ሹራቡን አልመለሰችልኝም፤ ወዳው ነበር።

እጢው እያነሰ ነበር እኮ። ይህን ዛሬ ሳስበው ያስቀኛል። ባቄላዋ ተመልሳ ሽምብራ ስትሆን በጣቴ ዳብሼ አውቄዋለሁ፤ ግን ከላይ የሚያንስ ከውስጥ ይሠራጫል ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ለመሞት የቆረጠን ሰው በምን ታሳምነዋለህ?

የቤቱ ሰዎች ደግሞ አላገዙኝም። ከዚያ በፊት አምፖል ሳላጠፋ ብተኛ የሚቆጡኝ እትዬ ዘነቡ አሁን ለቁርስ ቋንጣ ፍርፍር፣ ለመክሰስ ብርቱካን ይዘውልኝ ይመጣሉ። ሳላውቅባቸው ያዩኛል፤ ቀና ስል ዓይናቸውን ይሰብራሉ። ጋሼ ጢማቸው ፊታቸውን ሁሉ ሸፍኗል፤ ለምን አይላጩም ስላቸው ጸጉር አስተካካያቸው ታሟል አሉኝ። በካዛንቺስ ሌላ ጸጉር አስተካካይ የጠፋ ይመስል። አንድ ቀን ልብስ ላቀብል ወደ ማጠቢያው ስገባ ማሽኑን ከፍተው፣ በድምፁ ተከልለው፣ በሰው ሸሚዝ ፊታቸውን ሸፍነው ሲያለቅሱ አገኘኋቸው። ሳያዩኝ ወጣሁ። ለእኔ ነው የሚያለቅሱት አልኩ። እንዲህ የሚወዱኝ አይመስለኝም ነበር።

ትምህርቱን ልተወው ብል እነሱ እሺ አላሉኝም። ፈተናው እስኪያልቅ እትዬ ዘነቡ ሻይ እያፈሉ ከአጠገቤ ተቀመጡ። የምትሞት ልጅ ምን ያደርግላታል ብዬ አጉረመረምኩ፤ ግን ተፈተንኩ። ነገሩ የተረጋገጠልኝ የመሰለኝ ግን ፍልሰታ ሲገባ ነው።

እትዬ ዘነቡ ጾም ላይ ቀልድ አያውቁም። ፍልሰታን ሕፃን ልጅ እንኳ ይጾማል። በዚያ ቤት ነሐሴ ከገባ ሥጋ ማብሰል ቀርቶ የሥጋ ድስት ከመደርደሪያው አይወርድም። በጾሙ ሦስተኛ ወይም አራተኛ ቀን ግን እትዬ ዘነቡ በራሳቸው እጅ የአጥንት መረቅ ቀቅለው፣ በጎድጓዳ ሳህን አድርገው፣ አልጋዬ ድረስ ይዘውልኝ መጡ። "ጠጪ፣ ሐኪሙም ንስሐ አባታችንም ፈቅደዋል" አሉኝ። ሽታው ክፍሉን ሞላው። ጠጥቼ ጨረስኩና ተከትያቸው ወደ መተኮሻው ክፍል ገባሁ።

"እትዬ፣ እሞታለሁ አይደል?"

ካውያው የአንድ ሰው ኮት ላይ እንደተቀመጠ ቀረ። ሽታ እስኪሸት ድረስ አላነሱትም።

"ምን አልሽ?"

"አይደብቁኝ። እኔ ተማሪ ነኝ፤ አውቀዋለሁ። እሞታለሁ?"

"አንቺ ምንም አትሆኚም" አሉ፣ እንባቸው በጉንጫቸው እየወረደ። "ዝም በይ፤ እንዲህ ያለ ነገር በዚህ ቤት አታንሺ። ይበቃናል።"

ይበቃናል አሉ። እያለቀሱ ምንም አትሆኚም የሚል ሰው እንዴት ይታመናል? ኮቱ ተቃጥሎ ጋሼ ለባለቤቱ ይቅርታ ለመጠየቅ ሲሯሯጡ ዋሉ፤ እኔ ደግሞ አልጋዬ ላይ ሆኜ ለእናቴ የምናገረውን አሰብኩ። ቂሜ ለቀቀኝ። ምናልባት እሷም አልተነገራትም ይሆናል አልኩ፤ አንድ ቀን ከገበያ ስትመለስ መንገድ ላይ የሆነ ሰው ቢነግራት፣ ሸክሟን እንደያዘች ብትወድቅ ብዬ ተጨነቅኩ። ስለ ራሴ ከመፍራት ይልቅ ያ ባሰብኝ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ገና ሊነጋጋ ሲል የግቢው በር ተንኳኳ። ሰው ሲገባ ይሰማኛል፤ አንድ አይደለም፤ ብዙ ነው፤ ማንም ጮክ ብሎ አያወራም። እትዬ ዘነቡ መጥተው ነጠላ አለበሱኝና እጄን ይዘው ወደ ሳሎን አስገቡኝ። ጋሼ አሉ። የእድራችን ዳኛ ጋሽ መኮንን አሉ። ሁለት የጎረቤት ሴቶች ከግራና ከቀኝ ተቀምጠው ክንዴን ያዙኝ። ሌላ ሰው ቢሆን በሩ ሲንኳኳ ነገሩ ይገባው ነበር፤ በዚያ ሰዓት ሰው ተሰብስቦ የሚመጣበት ምክንያት አንድ ነው። እኔ ግን ስንት ሳምንት ሙሉ በራሴ ሞት ተሞልቼ ለሌላ ነገር ቦታ አልነበረኝም። መርዶ ለሟቹ ለራሱ አይነገርም ብሎ ማሰብ እንኳ ተሳነኝ። ውጤቴን ሊነግሩኝ፣ ከዚያም ወደ አገሬ ሊመልሱኝ የመጡ መሰለኝ።

ጋሽ መኮንን ስለ ፈጣሪ ሥራ፣ ማንም ከሱ ፈቃድ እንደማያመልጥ ረጋ ብለው መናገር ጀመሩ። ሽማግሌ ናቸው፤ ድምፃቸው ይቆራረጣል። አሳዘኑኝ፤ እንዲጨነቁብኝ አልፈለግኩም።

"ጋሽ መኮንን፣ አይድከሙ" አልኳቸው። "አውቄዋለሁ።"

ሰዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። "ማን ነገረሽ?" አሉ ጋሼ።

"ማንም አልነገረኝም፤ ራሴ ደረስኩበት። ከፍልሰታ በፊት ነው ያወቅኩት። እኔ አልፈራም። አንድ ነገር ብቻ ነው የምለምናችሁ፤ ለእማዬ ድንገት እንዳትነግሯት። ቀስ ብላችሁ፣ ሰው አጠገቧ ሆኖ ንገሯት።"

ክንዴን የያዙኝ እጆች ሲላሉ ተሰማኝ። ከዚያ እትዬ ዘነቡ መሬት ላይ ቁጭ አሉና ጮኹ፤ እንደዚያ ያለ ድምፅ ከሰው ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። ጋሼ መጥተው ከፊቴ ተንበረከኩ። ጢማቸው በእንባ ርሷል።

"ሙሉዬ" አሉኝ፣ "እናትሽ ናት እኮ።"

ከዚያ ወዲያ ያለውን በቅጡ አላስታውሰውም። ጮኼ ወደ ግቢው መሮጤን፣ ዝናብ መምታቱን፣ ሰዎች ጎትተው መመለሳቸውን ነግረውኛል። እኔ የማስታውሰው አንድ የሞኝ ሐሳብ ነው፤ እኔ አልሞትም ማለት ነው፣ ታዲያ ለማን ልትረፍ?

እናቴ የታመመችው ሰኔ ላይ፣ እኔ ንፍፊቴን ባገኘሁባቸው ቀናት ግድም ነው። ሆዷን ነበር የሚያማት። ጋሼ ያን ሰሞን እቃ ልገዛ ነው እያሉ ሲጠፉ እሷን ሊያዩ ይሄዱ ነበር። የእኔን ውጤት ሊቀበሉ በገቡበት ጠዋት ደግሞ ብሶባታል የሚል መልእክት ደርሷቸዋል። ሐኪሙ ስለ እኔ የነገራቸው መልካም ዜና ነበር። ያ ሁሉ ለቅሶ ለእህታቸው ነው። በዚያ ቀን ከነገሩኝ ነገር አንዱም ውሸት አልነበረበትም፤ እኔ እውነቱን አላምን ብዬ ያልነገሩኝን ሌላ ነገር ፍለጋ ወደ ራሴ ሄድኩ። በማግስቱ ሄደው በሕይወት ደረሱባት፤ ቀብረዋት ነው ያ ጭቃ ጫማቸው ላይ የተመለሰው።

ለቅሶው ላይ ከአገር ቤት ከመጡት ሰዎች መሃል ወርቄ የምትባል የእናቴ ጎረቤት ነበረች። አጠገቤ ተቀምጣ ጉልበቴን እየዳበሰች፣ እናቴ እስከ መጨረሻው እኔን ስትጠብቅ እንደነበር አጫወተችኝ። በሩ በተንኳኳ ቁጥር "ሙሉ ናት?" ትል ነበር። ለምን ቀረች ብላ ስትጠይቅ ጋሼ ፈተና ላይ መሆኔን ይነግሯታል።

"ስለ አንገቴ ሰምታ ነበር?" አልኳት።

"አንገትሽ ምን ሆነ?" አለችኝ ወርቄ።

ለእሷም አልነገሯትም ነበር። እሷ በዚያ ልጄ ለምን ቀረች ትላለች፤ እኔ በዚህ እናቴ ለምን ቀረች እላለሁ። በመሃላችን ጋሼ በዚያ ጭቃ መንገድ ይመላለሳሉ፤ ለእኔ ዝናብ ነው ይላሉ፤ ለእሷ ፈተና ነው ይላሉ። ይህን ስሰማ የያዘኝን ንዴት ልናገረው አልችልም። እንግዶቹ እስኪሄዱ እንኳ አልታገሥኩም። ማጠቢያው ክፍል ድረስ ሄጄ ከአፌ ወጥቶ የማያውቅ ቃል ሁሉ ተናገርኳቸው፤ ብትነግሩኝ በእግሬም ቢሆን እሄድ ነበር፣ አንድ ቀን እንኳ ባየኋት ነበር አልኳቸው። ጋሼ እስክጨርስ ድረስ አንገታቸውን ደፍተው ሰሙኝ።

"ጠየቅኳት እንጂ" አሉ በመጨረሻ። "ላምጣት ወይ አልኳት። እሷ ናት አትንገራት ያለችኝ። ድንገት ሰምታ ልቧ እንዳይሰበር፣ ፈተናዋን ትጨርስ፣ ከዚያ ቀስ ብላችሁ ንገሯት አለችኝ።" ቀጥለው፣ "አንቺም ያልሽን ይኸንኑ ነው" አሉ።

ብዙ ጊዜ የደበቁኝን ሰዎች ለመውቀስ እነሳለሁ፤ ወዲያው የዚያ ንጋት የራሴ ድምፅ ይመጣብኛል። ማንም ሳያስገድደኝ፣ እናቴን ከምንም በላይ ስለምወዳት፣ እንዲደብቋት የለመንኩት እኔ ነኝ። ሁለታችንም አንዳችን ስለ ሌላችን በአንድ ዓይነት ቃል ለምነን ሳንገናኝ ቀረን። ጋሼም እንግዲህ ምን ያድርጉ? በሁለት የሚወዷቸው ሰዎች መሃል ቆመው ለብቻቸው ማሽን ከፍተው አለቀሱ። ከሞቱ ዓመታት አለፉ፤ አልቀየምኳቸውም።

መድኃኒቴን እስከ መጨረሻው ዋጥኩ፤ እጢዎቹ ጠፉ። ትምህርቴን ጨርሼ ሥራ ያዝኩ፤ አገባሁ፤ ወለድኩ። ላውንደሪው የነበረበት ግቢ ዛሬ ፈርሷል፤ በዚያ በኩል ሳልፍ መንገዱ ሰፍቶ ቦታውን እንኳ መለየት ያቅተኛል። ታማሚ ውጤቱን ራሱ እንዲሰማ የሚያደርጉ ባለፈው ሳምንት እንዳየችኝ ልጅ ያሉ ሐኪሞችም መጥተዋል። ጥሩ ነው እላለሁ። ግን ሐኪም ብቻ አይደለም የሚደብቀው፤ የሚወድ ሰው ሁሉ ይደብቃል፤ እኔም እደብቃለሁ፤ ልጆቼም ይደብቁኛል። ይህን በሕግም በትምህርትም የሚያስቆመው ያለ አይመስለኝም።

ከዚያ ክረምት የቀረልኝ አንድ አመል ነው። ሰው ከቀረብኝ ለምን እንደቀረ አልጠይቅም፤ ተነሥቼ እሄዳለሁ። ባለቤቴ ዕረፍት የለሽ ይለኛል። ልጆቼ አድገው በየፊናቸው ቤት ተከራይተዋል፤ ሳልናገር በራቸው ላይ ስቆም አንዳንዴ ይናደዳሉ፤ "ደውዪ እንጂ እማዬ" ይሉኛል። እደውላለሁ። "ደህና ነኝ" ይሉኛል። ስልኩን ዘግቼ ጫማዬን አደርጋለሁ።